ሕመማችሁን ስልክ ላይ የምትመዘግቡ፣ እንዴት ነው የምትይዙት?

የአራት ኪሎዋ
ሰላም ቤተሰብ። ወገቤን መታመም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ ሒሳብ ክፍል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ኤምአርአይ ተነስቻለሁ። ዲስኩ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ለቀዶ ጥገና ግን አያደርስም ተባልኩ። ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ ታዘዘልኝ።

ጥያቄዬ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ምዝገባው ነው። ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሙ «ከባለፈው ወዲህ እንዴት ነሽ?» ሲለኝ ቃል አጣሁ። የሦስት ወር ነው የጠየቀኝ። ያን ዕለት ጠዋት በጣም አሞኝ ስለነበር «ብሶብኛል» አልኩት። የማስታገሻዬን፣ የዳይክሎፌናኩን፣ መጠን ጨመረልኝ። ወጥቼ ቸርችልን ቁልቁል እየወረድኩ ሳስበው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት እኮ ደህና ነበርኩ። ልጄን አቅፌ ደረጃ የወጣሁበት ቀን ሁሉ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

ከዚህ በፊት ደብተር ላይ ጻፊ ተብዬ ነበር። ባለ 50 ሉክ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት በደንብ ጻፍኩ፣ ከዚያ ቀረ። የቀጠሮዬ ቀን ሲደርስ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ የ3 ሳምንቱን በአንዴ ሞላሁት። 6፣ 7፣ 6፣ 5 እያልኩ፣ እንዲያው እንደመጣልኝ። ሐኪሙ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና «ጎበዝ» አለኝ። ያ «ጎበዝ» እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን በስልክ ልሞክር ብዬ ነው። አንድ አፕ ጫንኩ። ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ነው፣ ሪፖርቱን ለማውጣት ደግሞ በዶላር ክፈይ ይላል። እናቴ በበኩሏ «ሕመምን እየቆጠሩ መያዝ ይጠራዋል» ትለኛለች። እስቲ የሞከራችሁ ንገሩኝ። በእርግጥ ይጠቅማል? ምን ምን ነው የምትጽፉት?

የካዛንቺስ ልጅ
እህቴ፣ የደብተሩን ነገር እኔም አድርጌዋለሁ፣ ብዙ አትጸጸቺበት።

እኔ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ከቀኝ ዳሌዬ ተነስቶ እግር ጣቴ ድረስ የሚወርድ ሕመም አለኝ፣ 4 ዓመት ሆነው። አፕ የሚባል ነገር አልጫንኩም። ቴሌግራም ላይ ሴቭድ መሴጅ የሚለው አለ አይደል፣ ለራስሽ የምትልኪበት፣ እዚያ ላይ ነው የምጽፈው። ሰዓቱንና ቀኑን ራሱ ይይዛል። ተራ ስጠብቅ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ መጻፍ ካልተመቸኝ በድምፅ እናገራለሁ። ኔትወርክ ቢጠፋም ሲመለስ ራሱ ይሄዳል። ሳንቲም አላወጣሁበትም። የትናንቱን ልቅዳልሽ፦

«ጠዋት ስነሳ 4። ደህና ተኝቻለሁ።»
«7። ለገሃር ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ እግሬ ፍሬን ላይ እንዳለ ቆየሁ። ከዳሌዬ እስከ ተረከዜ ነዘረኝ። ትንሹ ጣቴ ደንዝዟል።»
«5። ወርጄ ትንሽ ተራመድኩ። መድኃኒት አልወሰድኩም።»

በቃ ይሄው ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ለ3 ዓመት ሐኪም ቤት ስሄድ «ወገቤንና እግሬን ያመኛል» ነበር የምለው። «ያመኛል» ብቻ። ማስታገሻ ይሰጠኛል፣ እመለሳለሁ። ስልኬን የሰጠሁት ሐኪም ግን «ነዘረኝ» የሚለው ላይ ቆመ። ወደ ላይ እየሳበ ሲቆጥር በሁለት ሳምንት 11 ጊዜ ጽፌዋለሁ። «ኤሌክትሪክ እንደያዘህ ነው?» አለኝ። አዎ። «ይደነዝዝሃል?» አዎ። ከዚያ ለነርቭ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አዘዘልኝ። ጨርሶ አልዳንኩም፣ ግን ሌሊት እተኛለሁ አሁን።

ስለዚህ አፑ እንግሊዝኛ ከሆነ በራስሽ ቃል ጻፊ ነው የምልሽ። እኛ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይሰረስረኛል፣ ስቅዝ አድርጎ ይይዘኛል እንላለን። እያንዳንዱ የተለያየ ነገር ነው። አፉን በፈታበት ቋንቋ ሕመሙን የማይለይ ሰው የለም።

ፊዚዮ ነኝ
የምሠራው ፊዚዮቴራፒ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ የታክሲውን ደብተር። ይሄ ያንቺ ስንፍና አይደለም፣ በዓለም ዙሪያ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ እነ አርተር ስቶን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ሕመም የከረመባቸው 80 ሰዎችን ወሰዱ። ግማሾቹ በወረቀት፣ ግማሾቹ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ3 ሳምንት እንዲመዘግቡ አደረጉ። ወረቀቱ የተቀመጠበት ማኅደር ውስጥ ግን ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ነበር፣ መቼ እንደተከፈተ የሚይዝ። ሰዎቹ አያውቁም። ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ከሄድን 90 ከመቶው በጊዜው ተሞልቷል። መሣሪያው ግን 11 ከመቶ ብቻ ነው አለ። ማኅደሩ ጭራሽ ያልተከፈተባቸው ቀናት ብቻ 32 ከመቶ ነበሩ፣ ገጹ ግን ሙሉ ነው። በኤሌክትሮኒክሱ በኩል 94 ከመቶው በሰዓቱ ገብቷል። ኮምፒውተሩ እየጠራ ያስታውሳቸዋል፣ ያለፈውንም ተመልሶ መሙላት አይፈቅድም።

ለእኔ የስልክ ማስታወሻ ዋና ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። አፑ ማማሩ ወይም ግራፍ ማውጣቱ አይደለም። የተጻፈው ሕመሙ ባለበት ሰዓት መሆኑ ነው። ወንድሜ የካዛንቺሱ በቴሌግራም ያገኘው እሱኑ ነው፣ ምንም አልጎደለበትም።

ሐኪሙ ፊት ቃል ያጣሽውም ምክንያት አለው። ሬደልማየርና ካነማን የሚባሉ ሰዎች በ1996 እ.ኤ.አ. የአንጀት ምርመራ የሚደረግላቸውን ሕመምተኞች በየደቂቃው ሕመማቸውን ጠየቁ፣ ኋላ ደግሞ በድምሩ እንዴት እንደነበር ጠየቁ። ሰዎቹ የያዙት በጣም የበረታበትን ቅጽበትና መጨረሻ ላይ የነበረውን ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ከቁጥር አልገባም። አንቺም የሦስት ወሩን ተጠይቀሽ የመለስሽው የዚያን ጠዋቱን ነው። መጠኑ የተጨመረልሽ በአንድ ጠዋት ሕመም ነው ማለት ነው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ምን ልጻፍ ላልሽው፣ ጥቂት ነገር። ከ0 እስከ 10 ቁጥር። የት እንደሆነና ምን እንደሚመስል በራስሽ ቃል። ምን እያደረግሽ ነበር። መድኃኒት ከወሰድሽ ስንት። ማታ እንቅልፍሽ። እና ይሄን እባክሽ አትዝለይው፣ ያን ቀን ምን መሥራት ቻልሽ። ልጅሽን አቅፈሽ ደረጃ የወጣሽበት ቀን ቁጥሩ 5 ሊሆን ይችላል፣ ግን ወጥተሻል። ያ ከቁጥሩ በላይ ይነግረኛል። ቁጥሩን ደግሞ ራስሽ ፍቺ ስጪው፣ ለምሳሌ «7 ማለት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ሲያቅተኝ»። አለዚያ የዛሬው 7 እና የሚቀጥለው ወር 7 አይገናኙም። አንድ ቀን 4 ሌላ ቀን 6 ቢሆን አትደንግጪ። የሳምንቱን አማካይ እዪ። እሱ 2 ነጥብ ያህል ከወረደ ወይም በሢሶው ከቀነሰ በእውነት ተሽሎሻል ማለት ነው።

የካዛንቺሱ ስለ ቃላት ያልከው በጣም ትክክል ነው። ማቃጠል፣ መንዘር፣ መደንዘዝ፣ መውረር፣ እነዚህ ነርቭን ያስጠረጥራሉ፣ መድኃኒቱም ከተራ ማስታገሻ ይለያል። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ብልት አካባቢና መቀመጫ ላይ ድንዛዜ ከመጣ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ ሁለቱም እግር መድከም ከጀመረ ይሄ ተመዝግቦ ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስሜ ይቆይ
እኔ ትቼዋለሁ፣ የተውኩበትንም ልናገር፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ይጠቅማል ብቻ ሲል ለአንዳንዱ ልክ አይመጣም።

ፋይብሮማያልጂያ ነው የተባልኩት። መላ ሰውነቴን ነው የሚያመኝ። የጫንኩት አፕ በየሁለት ሰዓቱ ይጮኻል። አንድ ቅዳሜ እህቴ ቤት ቡና ላይ ነን፣ ሁለተኛው ተቀድቷል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ብያለሁ። ስልኬ ጮኸ። «አሁን ሕመምሽ ስንት ነው?» ትከሻዬን አዳመጥኩ። አንገቴን አዳመጥኩ። ለካ ያመኛል። ከዚያ ሦስተኛው እስኪቀዳ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ አጠፋሁት። የአንቺ እናት የተናገሩት ነገር ለእኔ እውነት ነበር።

ፊዚዮ ነኝ
@ስሜ ይቆይ የኔ እህት፣ ደግ አደረግሽ። በየሁለት ሰዓቱ ለምርምር እንጂ ለሰው ኑሮ አይሆንም። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለ3 ወይም 4 ሳምንት፣ አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ወይም ቀጠሮ ሲቀርብ ይበቃል። ከዚያ መዝጋት ነው። ዘላለም የሚያዝ አይደለም። የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ትቶ የሠራውን ብቻ ቢጽፍ ይችላል፣ «እህቴ ቤት ቡና ጠጣሁ፣ ሦስተኛው ድረስ ተቀመጥኩ» ብሎ። ይሄም ለእኛ መረጃ ነው።

ራሴን የሚያመኝ
የእኔ ራስ ምታት ነው፣ ማይግሬን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ክኒናችሁን ቁጠሩ።

ሐኪሜ ሲጠይቀኝ «አልፎ አልፎ ነው የምወስደው» እል ነበር። ውሸት አልነበረም፣ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ካለቀ ፋርማሲ ጎራ እላለሁ፣ የሚቆጥረኝ የለም። ስልኬ ካላንደር ላይ የወሰድኩበትን ቀን ሁሉ ቀይ ነጥብ ማድረግ ጀመርኩ። ወሩ ሲያልቅ ብከፍተው 19 ቀይ ነጥብ። ደነገጥኩ።

ይዤ ሄድኩ። ሐኪሜ ያስረዳችኝ፣ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያለ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ድብልቅ የሆኑት ወይም ኮዴይን ያለባቸው ወይም ለማይግሬን ብቻ የሚሰጡት ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ላለፈ ጊዜ ከተወሰዱ ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ያመጣል። እኔ ራሴን ስላመመኝ እወስዳለሁ ስል፣ ስለምወስድ ያመኝ ነበር። በእሷ ክትትል አቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከባድ ነበሩ፣ ሥራም ቀርቻለሁ። አሁን ነጥቦቹ በወር 5 ወይም 6 ናቸው። ያ ካላንደር ባይኖር ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ ይሄን ሳነብ እኔም የምለው አለኝ። 67 ዓመቴ ነው። ፒያሳ ነው ተወልጄ ያደግሁት። ጉልበቶቼንና የእጄን ጣቶች ነው የሚያመኝ። ምራቴ ስልኬ ላይ ማስታወሻውን ከፈተችልኝና በየቀኑ መጻፍ ጀመርኩ።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። እኔ የምጽፈው በእኛ ሰዓት ነው። «2 ሰዓት፣ ጉልበቴ ተገትሯል፣ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ» እላለሁ፣ የጠዋቱን ማለቴ ነው። ምራቴ ሰብስባ ሰንጠረዥ አድርጋ በእንግሊዝኛ ስታትመው 2 ሰዓቱ እንዳለ ገባ። ሐኪሙም ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ 8 ሰዓት ላይ የሚያመኝ መሰለው። «ቀኑን ሲራመዱ ውለው ሲደክሙ ነው፣ የዕድሜ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ የዕድሜ ነው ሲሉኝ መከራከር አልወድም፣ ወጣሁ።

ምራቴ ናት ማታ ወረቀቱን አይታ የነቃችው። ተመልሰን ሄደን ጠዋት ስነሳ መሆኑንና ሳይፈታኝ ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቆይ ስንነግረው የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። የእርጅናው ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ጠዋት ቢገትርም አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል አሉ። ከ1 ሰዓት በላይ የሚቆየው ሌላ ነገር ነው፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል ብሎ የደም ምርመራ አዘዘልኝ። እሱው ሆኖ ተገኘ፣ መድኃኒቱም ተለወጠ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ትቻለሁ። «ከእንቅልፍ ስነሳ»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «ስተኛ» እላለሁ። ቀኑንም ቢሆን ስልኩ በፈረንጅ ነው የሚይዘው፣ የቀጠሮ ካርዳችን በእኛ ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

የአራት ኪሎዋ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሰዓቱ ነገር ጨርሶ አልታሰበኝም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አፑን አጥፍቼ ቴሌግራም ላይ እጀምራለሁ። ከ3 ሳምንት በኋላ ተመልሼ እነግራችኋለሁ።

የአራት ኪሎዋ
ቃሌን አክብሬ መጥቻለሁ። 3 ሳምንት ሞላኝ። ጠዋትና ማታ አላርም አድርጌ ነው የጻፍኩት። 4 ጊዜ አልፎኛል፣ ያለፈኝን ባዶ ትቼዋለሁ፣ አልሞላሁትም።

ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እኔ ለወራት ወገቤን የሚያመኝ እሁድ ቅዳሴ ላይ ስለምቆም ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሥላሴ ነው የማስቀድሰው። መቋሚያ ተደግፌም ሞከርኩ፣ አልሆነም። ሰኞ ሥራ ስገባ መቀመጥ ያቅተኛል። በመጨረሻ ማስቀደሱን ተውኩት፣ አምስት ወር ገደማ ቀርቻለሁ። ያ ከሕመሙ በላይ ነው የጎዳኝ።

ማስታወሻው ላይ ግን እሁድ ጠዋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ቁጥሩ 7 ነው። አንዱ እሁድ እንዲያውም 8። ቅዳሴ አልሄድኩም፣ ምንም አላደረግሁም። ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ቅዳሜን አየሁ። «ልብስ አጠብኩ፣ 3። ደህና ነኝ።» የሚቀጥለው ቅዳሜም «ልብስ አጠብኩ፣ 4»። ለካ ሳፋው መሬት ላይ ነው፣ እኔ ጎንበስ ብዬ የአምስት ሰው ልብስ አንድ ላይ ነው የማጥበው፣ ያን ሰዓት ብዙ አያመኝም፣ የሚመጣው በማግስቱ ነው። በማግስቱ ደግሞ እሁድ ስለሆነ ጥፋቱን ቅዳሴ ላይ ጣልኩት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልብሱን ከፍዬ ረቡዕ ማታ ትንሽ፣ ቅዳሜ ትንሽ አጠብኩ። ሳፋውንም አሮጌ ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት። ጠረጴዛውን ከጓሮ ጎትታ ያመጣችልኝ ያቺው እናቴ ናት፣ የእሁዶቹን ቁጥር ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና ወጣች። እሁድ 4 ሆኖ ነቃሁ። አንድ እሁድ ብቻ ስለሆነ ገና አላውቅም። ግን ሄጄ አስቀደስኩ።

ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። በአንድ ገጽ አሳጥሬዋለሁ፣ የየሳምንቱ አማካይ፣ የሠራሁት፣ የወሰድኩት መድኃኒት። ሌላ ያየሁት ነገር፣ ጾሙ ከገባ ወዲህ ጠዋት ክኒኑን በባዶ ሆዴ እየወሰድኩ እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ፣ «ጨጓራዬ አቃጠለኝ» የሚል 8 ቦታ ጽፌያለሁ። እሱን ታች ላይ አድርጌዋለሁ፣ ከወገቤ ጋር ስለማይገናኝ።

ፊዚዮ ነኝ
ስለ ልብሱ በጣም ደስ ብሎኛል። ሲሻልሽ ግን በአንድ ቀን ሁሉንም ለመጨረስ እንዳትነሺ፣ ብዙ ሰው የሚመለስበት እዚያ ላይ ነው። ደህና ቀን ሲያገኝ የሳምንቱን ሥራ ይጨርሳል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይተኛል።

የጨጓራውን ግን እባክሽ ከታች አንሥተሽ ከላይ ጻፊው፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ። ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያቆስላል፣ ሊያደማም ይችላል፣ ያንቺ ደግሞ መጠኑ ተጨምሯል። ሐሙስንም አትጠብቂ። ዛሬውኑ ወደ ክሊኒኩ ደውለሽ 8 ጊዜ መሆኑን ንገሪያቸው፣ እስከዚያ በባዶ ሆድ አትውሰጂው። ሰገራሽ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው።

የአራት ኪሎዋ
እሺ፣ አሁን እየደወልኩ ነው።